ኮከቡን ቀንሶ አቧራውን ማየት፦ ከደብረ ብርሃን የተነሣ ጥያቄና 26 ምላሾቹ

ጥያቄውን በውይይት መድረኩ ላይ የለጠፍኩት በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ውርጩ የደብረ ብርሃንን ሣር አንጥቶ ባደረበት ሌሊት ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። በዚያው ቀን አንዲት ተማሪዬ ስለ ቤቴልጁዝ ጠይቃኝ በቅጡ ሳልመልስላት ደወል ተደወለ። ቤቴልጁዝ በዚህ ወር እኩለ ሌሊት ላይ በአናታችን የሚያልፈው ቀይ ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ መደብዘዝ ጀምሮ በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ ከተለመደው ወደ ሲሶ ገደማ ወርዶ ነበር። ተመራማሪዎች ኮከቡ ራሱ የተፋው ጋዝ ቀዝቅዞ፣ አቧራ ሆኖ ከፊቱ እንደጋረደው ደርሰውበታል። ማንም ሄዶ ያልዘገነው አቧራ ቅንጣቱ ምን ያህል እንደሆነ በምን ይታወቃል የሚል ነበር የልጅቷ ጥያቄ።

እኔም ጥያቄዋን ከነሐሳቤ አቀረብኩ። እንዲህ ያለው አቧራ የሚጠናው ለዓይን በማይታየው ኢንፍራሬድ እና ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ በሚርገበገበው ፖላራይዝድ ብርሃን ነው። ኢንፍራሬድ ብርሃን አቧራውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ኮከቡን እንደሚያሳየን፣ ፖላራይዝድ ብርሃን የሚጠቅመው ደግሞ ነጸብራቅ እንደሚቀንስ የፀሐይ መነጽር ምስሉን ለማጥራት እንደሆነ ጻፍኩ፤ የተሳሳትኩትን እንዲያርሙኝም ለመንኩ። በአራት ቀን ውስጥ 26 ምላሽ መጣ። አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ በተራቸው እተርካቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ አዲስ አበባ ውስጥ አስትሮፊዚክስ ከሚያጠና ወጣት ነበር። በትሕትና ጀምሮ ግማሹን በትክክል እንደተናገርኩ፣ ግማሹን ግን እንደገለበጥኩት አስረዳኝ። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ ይነፋል፣ ይቀላል፣ የገጹም ሙቀት ከ2,000 እስከ 3,000 ኬልቪን ይወርዳል። እንዲህ ያለ ኮከብ ብርሃኑን አብልጦ የሚሰጠው ዓይናችን በሚያየው ቀለም ሳይሆን የሞገድ ርዝመቱ ከ1 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር ሺኛ) ከፍ ባለው ኢንፍራሬድ ነው። ስለዚህ ወደ ኢንፍራሬድ የምንሄደው መጀመሪያ ኮከቡ በዚያ ስለሚያበራ ነው፤ አቧራን ማለፉ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ስለ አቧራው ዓይነትም ጨመረልኝ። ኦክስጅን የበዛበት ኮከብ የድንጋይና የአሸዋ ዘር የሆነውን ሲሊኬት ሲያወጣ፣ ካርቦን የበዛበት ደግሞ ጥላሸት የመሰለ ብናኝ ያወጣል።

2ኛው ምስጋና ነበር። 3ኛው ኢንፍራሬድ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ከሸዋ ሮቢት የጻፉ አንድ አባት በ4ኛው መለሱለት። ምጣድ ሳይቀላ እጃችንን የሚያሞቀው እርሱ መሆኑን፣ ዊልያም ኸርሸልም እ.ኤ.አ. በ1800 ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ውጭ አስቀምጦ ሲሞቅ እንዳየ ጻፉ። የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ ቁልፉን መጫን እንደሚበቃም አከሉ፤ ብዙ ካሜራ ለዓይን የማይታየውን ብልጭታ ያሳያል።

የውይይቱን ክር መስመር ያስያዘው 5ኛው ነው። ጸሐፊው በመነጽር ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ነው፤ በፀሐይ መነጽር ማስረዳቴ አላረካውም። ብርሃን ወደፊት ሲጓዝ ወደ ጎን ይርገበገባል። ከኮከቡ ገጽ የሚነሣው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲርገበገብ፣ ከአቧራ ቅንጣት ላይ ነጥሮ ወደ እኛ የሚመጣው ግን ወደ አንዱ አቅጣጫ ያደላል። ፖላራይዝድ የምንለው ይህን ነው። ስለዚህ በማጣሪያ ሁለት ምስል ይነሣል፤ አንዱ በቁም የሚርገበገበውን፣ ሌላው በአግድም የሚርገበገበውን ይይዛል። የኮከቡ ብርሃን በሁለቱም ምስል እኩል ስለሆነ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ይጠፋል፤ የአቧራው ግን ይተርፋል። ጥበቡ ማጥራት ሳይሆን መቀነስ እንደሆነ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። ይህን አንብቤ ከአልጋዬ ተነሣሁ። ስንት ዓመት ፖላራይዜሽንን ሳስተምር አንድም ቀን በመቀነስ አላስተማርኩትም።

6ኛውን የጻፉት የደብረ ሲና እህል ነጋዴ ናቸው። ነገሩን ከእርሳቸው ሥራ ጋር ሲያገናኙት ጤፍ ከነጆንያው ተመዝኖ የባዶው ጆንያ ክብደት ይቀነሳል፤ በዚህኛው ግን ጆንያው ኮከቡ ነው፣ የሚፈለገው እህል ደግሞ ከጆንያው እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያም ነጋዴ ብቻ የሚጠይቀውን ጠየቁ፤ ሚዛኑ ራሱ ቢያደላስ? ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት በሚያጋድል ሚዛን እንዴት ይታመናል?

7ኛው ምላሽ ከ1ኛው ጸሐፊ ነበር፤ ጥያቄውን በጣም እንደወደደው ያስታውቃል። መስታወቱም ሌንሱም የራሱን ፖላራይዜሽን ስለሚጨምር የዘርፉ ዋና ራስ ምታት ይኸው ነው። መፍትሔው የድሮ ነጋዴ ዘዴ ነው። ባለ ሁለት ጣባ ሚዛን የተጠረጠረ እንደሆነ ዕቃውና ድንጋዩ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይመዘናሉ። ቴሌስኮፑም ላይ የብርሃኑን የርግብግቢት አቅጣጫ የሚያዞር ስስ ክሪስታል ይገባል፤ ሲዞር በቁም የነበረው በአግድም፣ በአግድም የነበረው በቁም ይሆናል። ሁለቱ ልኬቶች እርስ በርስ ሲቀናነሱ የመሣሪያው ማጋደል ይወጣል፤ የሰማዩ ይቀራል። ነጋዴው በኋላ ለዚህ ምላሽ ብቻ ተመልሰው አመሰገኑ።

በ8ኛው ላይ የመድረኩ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው 5ኛውን ያልበሰለ ብሎ ነቀፈ። አቧራው ኮከቡን በሁሉም ጎን እኩል ከከበበው የቁሙና የአግድሙ እርስ በርስ ተጣፍቶ ምንም እንደማይተርፍ፣ ይህንም ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንደሚያውቅ ጻፈ። አነጋገሩ ደስ ባይለኝም ክርክሩ ትክክል ነበር። ኮከቡ አንድ ነጥብ ሆኖ ከታየ ይጣፋል፤ ከዚህ የተነሣ ከእንዲህ ያለ ነጥብ ፖላራይዜሽን ከተገኘ አቧራው ክብ አይደለም ማለት ነው።

9ኛው መልስ ከአንኮበር የሒሳብ መምህርት ነበር፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ምሳሌ የእርሷ ነው። ሰፌድን አስቡ አለችን። ስንደዶው ከመሐል ተነሥቶ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይወጣል፤ በየትኛውም ቦታ ያለው ስንደዶ ወደ መሐል አያመለክትም፣ መሐሉን ይዞራል እንጂ። በኮከብ ዙሪያ ያለው አቧራ የሚበትነው ብርሃንም የሚርገበገበው እንዲሁ ነው። ሰፌዱን ከሩቅ አንድ ነጥብ አድርገን ካየነው የስንደዶው አቅጣጫ ይጠፋብናል፤ ከቀረብን ግን ከላይና ከታች አግድም፣ ከግራና ከቀኝ ቁም ሆኖ እናየዋለን። ቺሊ ውስጥ ፓራናል ተራራ ላይ ያሉት ባለ 8 ሜትር ቴሌስኮፖች የአየሩን መንቀጥቀጥ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያረሙ ይህን ያህል መቅረብ ያስችላሉ። 8ኛው ጸሐፊ በማግስቱ ትክክል መሆኗን አምኖ ጻፈ፤ ስለ ስድቡ ግን ዝም አለ።

10ኛዋ ጸሐፊ ከመሐል ሜዳ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለመሞከር ቺሊ መሄድ እንደማያስፈልግ፣ የእናቷ ማድ ቤት እንደሚበቃ ጻፈች። የተሰበረ ካልኩሌተር መስኮት ላይ ያለውን ጥቁር ስስ ፕላስቲክ ልጣ፣ በቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባውን የፀሐይ ጨረር በኩበት ጭስ ውስጥ በእርሱ አይታዋለች። እሑድ ጠዋት እኔም አደረግኩት። ከአከራዬ ማድ ቤት ገብቼ በሩን መለስኩ። ኩበቱ ገና ሳይነድ ሲጨስ ጨረሩ እንደ ተወጠረ ነጭ ክር ከጣሪያ እስከ መደብ ታየ፤ ጭሱ ሰማያዊ ይላል። ከጎኑ፣ ከጨረሩ ዘጠና ዲግሪ ላይ ቆሜ ፕላስቲኩን በጣቶቼ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ጨረሩ ደበዘዘ። ሩብ ዙር ስጨምር ተመልሶ ደመቀ። ከዚያ አከራዬ አንድ እፍኝ የገብስ ዱቄት በጨረሩ ውስጥ ነዙልኝ፤ እርሳቸውም ጎንበስ ብለው በፕላስቲኩ አዩ። ዱቄቱ በየትኛውም አዙሪት ለውጡ እምብዛም አልታወቀም። ጭሱ ደቃቅ ስለሆነ የበተነው ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ አደላ፤ ዱቄቱ ግን ሻካራ ስለሆነ እምብዛም አላደላም። በሁለት ሜትር ርቀት፣ ሳልነካ፣ የቅንጣቱን ልክ ብርሃኑ ነገረኝ። የተማሪዬ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነበር።

ይህን እንደለጠፍኩ 11ኛው ተጨማሪ አመጣ። አንድ ቅንጣት ደቃቅ ወይም ሻካራ የሚባለው ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ነው። የማይክሮሜትር ሲሶ የሚያህል ቅንጣት ለሚታየው ብርሃን ትልቅ ነው፤ 2 ማይክሮሜትር ለሚሆነው ኢንፍራሬድ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ያንኑ አቧራ በተለያየ የሞገድ ርዝመት ማየት በተለያየ ወንፊት እንደ መንፋት ነው። በደቃቁ የማይታየው በሰፊው ይታያል፤ ከሁሉም ተነጻጽሮ መጠኑ ይወጣል። ኢንፍራሬዱና ፖላራይዜሽኑ ለምን እንደማይነጣጠሉ የገባኝ በዚህ ምላሽ ነው።

12ኛው የተሠራውን ሥራ ዘረዘረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ባርናቢ ኖሪስና ባልደረቦቹ ደብሊው ሃይድሬ፣ አር ዶራዱስ እና አር ሊዮኒስ በሚባሉ ያረጁ ኮከቦች ዙሪያ በኢንፍራሬድ ፖላራይዝድ ብርሃን ያገኙትን በኔቸር መጽሔት አሳተሙ። ቅንጣቶቹ ወደ 0.3 ማይክሮሜትር ራዲየስ ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚገኙትም ከኮከቡ መሐል ሁለት የኮከቡን ራዲየስ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። እዚያ ያለው ሙቀት ጥቁር ቅንጣትን ያተን ነበር፤ እነዚህ ግን ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ብረት የሌለባቸው ሲሊኬቶች ቢሆኑ አይግሉም። ብርሃኑን ሳይውጡ ይበትኑታል፤ ሲበትኑትም እየተገፉ ጋዙን ይዘውት ሊወጡ ይችላሉ። ያረጀ ኮከብ አካሉን ወደ ጠፈር የሚበትንበት ነፋስ በዚህ ይገለጻል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። 13ኛው አር ዶራዱስ ከፀሐይ ቀጥሎ በሰማይ ላይ በስፋት ትልቁ ኮከብ ሆኖ እንደሚታይ ጽፎ፣ ያም ሆኖ ስፋቱ አንዲት የጤፍ ፍሬ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት እንደምትታየው መሆኑን አሰላ። ቁጥሩን እኔም ደግሜ አሰላሁት፤ ትክክል ነው።

ከ14ኛው እስከ 18ኛው ከመንገድ ወጣን። አንድ ሰው ስለ ብርሃን የሚወራ ከሆነ የከተማችን ስም እንዴት ተረሳ ብሎ ጀመረ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሌሊት ከሰማይ የታየውን ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት አስታወሰ። 15ኛው፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ይሆናል ብለው እንደሚገምቱ አነሣ። 16ኛው ይህ ግምት እምነትን ማቃለል ነው ብሎ በቁጣ መለሰ፤ 17ኛው ከእርሱ በባሰ ቁጣ ተረት ይብቃን አለ። ሁለቱንም በስም ሳይጠራሩ እንዲነጋገሩ ለመንኳቸው። ያረጋጓቸው ግን በ18ኛው የጻፉ የሞላሌ አረጋዊ ናቸው። ንጉሡ ያዩት ብርሃን ለእርሳቸው ምን እንደነበረ ታሪኩ ይናገራል፤ ብርሃኑ ከምን እንደመጣ መጠየቅ ደግሞ ያንን ታሪክ አይሽረውም። ጥያቄ ከቁጣ ጋር ሲመጣ ግን ማንም አይማርበትም ብለው ነገሩን ዘጉት።

19ኛው ከዚያ ወጥቶ ወደ አቧራው መለሰን፤ በዚህ ክር ያልጠበቅኩት ትልቁ ስጦታ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ አራጎ እ.ኤ.አ. በ1819 የአንድ ጅራታም ኮከብ ብርሃን ፖላራይዝድ መሆኑን አገኘ፤ በ1835 ደግሞ ያንኑ ሙከራ በሃሌ ላይ ደገመው። በዚህም ጅራታም ኮከብ የራሱን ብቻ ሳይሆን ከፀሐይ የተቀበለውን ብርሃን እንደሚበትን ታወቀ። ከ15ኛው ጸሐፊ ጋር የሚስማማ ሰው ካለ፣ በደብረ ብርሃን ሰማይ የታየው ያው እንግዳ ከ379 ዓመት በኋላ ተመልሶ በፖላራይዝድ ብርሃን ተመረመረ ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በሚቀጥለው ሳምንት ለመንገር ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

20ኛው የመንዝ ልጅ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ባና ተከናንበው ሲቀመጡ አንድ የከተማ መብራት የማይረብሸው ቦታ በመሆኑ ለምን የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ እንደማይተከልበት ጠየቀ። 21ኛው ኩራቱን ሳይነካ አረመው። ፓራናል 2,635 ሜትር ነው፤ ወደ 2,840 ሜትር ከሚጠጋው ደብረ ብርሃን እንኳ ዝቅ ይላል። ለኢንፍራሬድ ከፍታ ብቻ አይበቃም፤ ብርሃኑን የሚውጠው በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ነው፤ ፓራናል ያለው ደግሞ በአታካማ በረሃ ነው። እኛ ጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ቢጠራም ክረምቱ ጉምና ዝናብ ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ለእርሱ ግን የአዲስ አበባ መብራት ፈተና ነው።

22ኛው በጣም መራራ ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ባለበት አገር ስለ ኮከብ አቧራ ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ብሎ ጻፈ። 23ኛው በተመሳሳይ ምሬት፣ 22ኛው ያንን የጻፈበት ስልክ መስታወቱ ኤልሲዲ ከሆነ ፖላራይዜሽን ባይታወቅ ኖሮ እንደማይሠራ፣ የሥነ ምድር ባለሙያም የድንጋይን ማዕድን የሚለየው በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ እንደሆነ፣ ለቴሌስኮፕ የተሠራው አየር የማረም ዘዴም የዓይን ሬቲና ለመመርመር እንደዋለ መለሰለት። እኔ የምለው ሌላ ነው። 22ኛው ስለ ቤተ ሙከራው እውነቱን ነው፤ እኔ በማስተምርበት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው አንድ የተሰነጠቀ ሌንስ ነው። ግን ከመሐል ሜዳ የጻፈችው ልጅ ቤተ ሙከራ እስኪመጣ አልጠበቀችም። የኮከብ አቧራ ጥያቄ ነው ወደ ማድ ቤቱ የወሰዳት።

24ኛው የ12ኛውን ተስፋ አቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ2025 የስዊድኑ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አር ዶራዱስን በዚያው በፓራናል፣ በፖላራይዝድ ብርሃን መርምረው፣ ያገኟቸው ቅንጣቶች የሚሊሜትር አሥር ሺኛ ገደማ ብቻ በመሆናቸው የኮከቡ ብርሃን ገፍቶ ሊያስወጣቸው እንደማይበቃ አሳወቁ። ነፋሱን የሚያስነሣው ሌላ ነገርም መኖር አለበት፤ ከኮከቡ ውስጥ የሚፈሉት ግዙፍ የጋዝ አረፋዎች ወይም የኮከቡ ትርታ ይጠረጠራሉ። የ1ኛው ጸሐፊ ወዲያው ገብቶ ይህ የመቀነሱን ዘዴ እንደማያፈርሰው፣ እንዲያውም ስህተቱን ያጋለጠው ያው ዘዴ መሆኑን ጻፈ። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ሳላጠፋ ከሥሩ እርማቱን ጨመርኩበት።

25ኛው አር ዶራዱስ ከእኛ ይታይ እንደሆነ ጠየቀ። ይታያል፤ በዚህ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በስተደቡብ ከአድማሱ 18 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ በጣም ደብዛዛ ስለሆነ ግን ጋራ የማይጋርደው ሜዳና የርቀት መነጽር ይፈልጋል።

26ኛው የመሐል ሜዳዋ ልጅ ተመልሳ የላከችው ነው፤ የካልኩሌተሩ ፕላስቲክ ለክፍል ጓደኞቿ አልበቃም። እኔም ከኮምፒውተር ጠጋኝ የተሰበረ ስክሪን ለመንኩላት። ፕላስቲኩ ሙጫው ጠንካራ ነውና ከጥግ በምላጭ አንሥቼ፣ ቀስ እያልኩ ልጬ፣ በአልኮል ጠረግኩት። በመቀስ ዘጠኝ ቦታ ቆረጥኩት። ስምንቱን በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ለመሐል ሜዳ ሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁ። ዘጠነኛውን፣ ትልቁን፣ ጥያቄውን ላነሣችው ተማሪዬ አስቀመጥኩላት፤ ሰኞ ትወስደዋለች፣ አያቷ ማድ ቤት ኩበት የሚነደው ማታ ማታ ስለሆነ ጨረሩን ከእጅ ባትሪ እንድታበጅ ነግሬያታለሁ።